የዘማች አባት የሕይወት ታሪክ በአንድ ሌሊት አይጻፍም

አዳማ ውስጥ የእድር ጡሩምባ ማለዳ ከተነፋ ቀብሩ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ለሩቅ ዘመድ ይደወላል፤ በዚህ ሁሉ መሀል አንድ የልጅ ልጅ ጥግ ይዞ የሕይወት ታሪክ በስልኩ ይጽፋል። ዕድሜያቸውን ለአገርና ለልጆች የሰጡ አባት በጥድፊያ በተጻፈ ገጽ ሲሸኙ ማየት ያንገበግባል።

ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት የዓመተ ምሕረት ነው። ጸሐፊው ከኢንተርኔት ያገኘውን ገልብጦ «በ1978 ካራማራ ላይ ተዋጉ» ይላል። የካራማራ ድል የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፤ 1978 የፈረንጆቹ ነው። ከፈረንጆቹ ዓመት ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይቀነሳል። ይህ ሳይታረም ሲነበብ ከዘራ ተደግፈው የቆሙት የጦር ጓደኞቻቸው እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ወታደር ነበሩ» ማለትም አይበቃም። በ1969 በእናት አገር ጥሪ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ የሠለጠነ ሚሊሺያና ቀድሞ የተቀጠረ መደበኛ ወታደር መንገዳቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ በደህናው ቀን ቡና ተፈልቶ «አባባ፣ ታጠቅ ስንት ወር ቆያችሁ?» ብሎ መጀመር ይሻላል። ከዚያ ክፍለ ጦሩ፣ ብርጌዱ፣ ሻለቃው፤ የሻምበል አዛዡ ስም፤ የቆሰሉበት ቦታ፤ በመጨረሻ የደረሱበት ማዕረግ። ለአንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ሽማግሌ ሲደክመው አሳጥሮ ይመልሳል፣ ያጠረው መልስ ደግሞ ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

ፎቶዎቹን ገልብጣችሁ ጀርባቸውን እዩ። ጀርባቸው ላይ በእርሳስ «ለማይረሳው ወንድሜ መታሰቢያ» ተብሎ የጓደኛ ስም፣ ቀንና ቦታ ተጽፎ ይገኛል። አልበሙ ላይ የተጣበቀውን ግን አትላጡ፤ ወረቀቱ ይገነጠላል፣ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። ባለበት በስልክ አንሱት። የድሮ ደብዳቤና መታወቂያ ላይ «ናዝሬት» የሚለው ይህችው አዳማ መሆኗን ወጣቶቹ ይወቁ።

ብዙ ቤተሰብ 1983ን ይዘላል። ሠራዊቱ ሲበተን ጡረታ ሳያገኙ ዘበኛ፣ ሾፌር፣ የቀን ሠራተኛ ሆነው ልጅ ያሳደጉበት ዘመን ምን ያሳፍራል? እኔ ብሆን ከውጊያው ይልቅ ለእሱ ሰፊ ቦታ እሰጣለሁ። «መልካም አባት ነበሩ» ከማለት ሌሊት ጥበቃ አድረው ጠዋት ደብተር ሲያዩ እንደነበር መጻፍ ይበልጣል፤ እውነት ከሆነ።

የልጆችን ስም ዝርዝር ሁለት ሰው ይየው። ከሌላ እናት የተወለደ ወይም በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ተዘልሎ መቃብር ላይ የሚነሣ ቅያሜ እስከ አርባውም አይበርድም።

ረቂቁ አንድ ገጽ ተኩል ሲሞላ ለራሳቸው ይነበብላቸው፤ የሰውና የቦታ ስም ከእሳቸው የተሻለ የሚያርም የለም። ቀብር ላይ የሚነበበው ወረቀት በአንባቢው ኪስ ገብቶ ስለሚጠፋ አንዱ ቅጂ ከቤቱ ካርታ ጋር ይቀመጥ።