ሲሲ ብቻ አይበቃም

ለጀማሪ የሚሆን ሞተር ሳይክል ስለመምረጥ የተጻፈውን ጽሑፍ አነበብኩት፤ ጥሩ ነው። «ለጀማሪ ከ400 ሲሲ በታች ከሆነ ይበቃል» የሚለው ግን ነገሩን ትንሽ አቅልሎታል። ሲሲ የሲሊንደሩን ይዘት ነው የሚለካው፤ የሞተሩን ጠባይ አይነግርህም። ሮያል ኢንፊልድ ክላሲክ 350 ወደ 20 የፈረስ ጉልበት ነው ያለው። ኬቲኤም ዱክ 390 ደግሞ ከ40 በላይ አለው። በሲሲ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ነዳጅ ስትሰጣቸው ግን ሰማይና ምድር።

ብዙ ሰው የሚረሳው ክብደቱን ነው። ያ ዝግተኛው ክላሲክ እንኳ 195 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጀማሪ ደግሞ ሞተር የሚጥለው ሁልጊዜ ሲበር አይደለም፤ ሊቆም ወይም ቀስ ብሎ ሊዞር ሲልም ነው። መሪው ተጠምዝዞ ሳለ የፊት ፍሬኑን ጭብጥ ካደረግከው ሞተሩ ወደዞርክበት በኩል ዘፍ ይላል። እግርህ መሬት በደንብ ካልረገጠ አለቀ። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ ቁጭ በልበት። ቀጥ አድርገህ ያዘው። በእግርህ እየገፋህ ወደ ኋላ አስኪደው። ካቃተህ ሌላ ፈልግ፣ የፈለገ ቢያምርም።

ኤቢኤስ የሚባለው የፍሬን መሣሪያ ያለው ካገኘህ ሌላውን ጌጣጌጥ ተወው። ሰው ሲደነግጥ ፍሬን አንቆ ይይዛል፤ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግልህ እሱ ነው። (በደንብ የሚያግዝህ ግን ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነው፤ ኩርባ ላይ ተጋድመህ ከሆነ ተራውን ኤቢኤስ ብዙ አትመካበት።)

«ኋላ ይሰለችሃል፣ ከአሁኑ ትልቁን ግዛ» የሚሉ ጓደኞች መቼም አይጠፉም። አትስማቸው። ያገለገለ ትንሽ ሞተር ግዛ፣ የተረፈህን ለሄልሜትና ለጓንት አድርገው። እጅህ ሲፈታ ትሸጠዋለህ።