ትኩሳት ላይ ዳይክሎፌናክ? ድሬዳዋ ላይ አይሆንም
ስለ ሕመም ማስታገሻዎች የወጣው ጽሑፍ «ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ካለዎት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይውሰዱ» ማለቱ ለእኛ ለድሬዳዋ ሰዎች አደገኛ ምክር ነው። ሳቢያን መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ በ2006 ዓ.ም. ደንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት ከተማዋን ሲመታ፣ በ2011 ደግሞ ሌላው የትንኝ በሽታ ችኩንጉንያ ሰፈር ሙሉ ሰው አልጋ ላይ ሲጥል እዚሁ ነበርኩ። ደንጊ ራሱ ፕላትሌትን፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን የደም ሕዋስ፣ ይቀንሳል፤ እነዚህ መድኃኒቶች የቀረው ፕላትሌት ሥራውን እንዳይሠራ ያደርጋሉ፣ ጨጓራንም ያቆስላሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ደም መፍሰስ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ደንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ፓራሲታሞል ብቻ፣ ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ፣ ከብዙ ፈሳሽ ጋር። በጽሑፉ ሥር «ፓራሲታሞልም ያው ነው፣ ደከም ይላል እንጂ» ብለህ አስተያየት የሰጠኸው ወንድሜ፣ ያው አይደለም። እነ አይቡፕሮፌን ኮክስ የሚባለውን ኢንዛይም አግደው ፕሮስታግላንዲን የሚባለው እብጠትና ሕመም የሚያመጣ ንጥረ ነገር እንዳይመረት ያደርጋሉ፤ እብጠቱም ሕመሙም የሚቀንሰው በዚህ ነው። ነገር ግን ይኸው ፕሮስታግላንዲን የጨጓራን ግድግዳ ይጠብቃል፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም ያግዛል። በእኛ ሙቀት ውኃ ሳይጠጣ የዋለ፣ በዚያ ላይ የደም ግፊት ኪኒን የሚወስድ አባት ሲውጠው ኩላሊቱን ነው የሚፈታተነው። ፓራሲታሞል እብጠት ላይ እምብዛም አይሠራም፣ ጨጓራንና ፕላትሌትንም ያን ያህል አይነካም። ለወለምታ፣ ለጥርስ፣ ለወር አበባ ቁርጠት እኔም አይቡፕሮፌን እሰጣለሁ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ ለጥቂት ቀን። ትኩሳት ይዞት መጥቶ «የዳይክሎፌናክ መርፌዋን ውጋኝና ልሂድ» የሚለኝን ግን መጀመሪያ ደምህን ተመርመር ብዬ ነው የምመልሰው።