ድምፄ ከኔ ኋላ ይመጣል

ሦስት ሳምንት ሙሉ የመቅጃ ሶፍትዌር ስመርጥ ከረምኩ። አንዱን በነጻ አወረድኩ፣ ሌላውን ለሙከራ ጫንኩ፣ የሌላውን ቪዲዮ እያየሁ አነጋሁ። ዘፈኑስ? አንድ ስንኝ አልተቀዳም።

ትናንት በቃኝ ብዬ አንዱን ከፈትኩ። ጊታሩ ደህና ተቀዳ። ሁለተኛው ትራክ (የመቅጃ መስመር) ላይ ድምፄን ልጨምር ስል ግን ጉድ ፈላ። እኔ «አ» እላለሁ፣ ሄድፎኑ ቆይቶ «አ» ይለኛል። የገደል ማሚቶ! ለካ በፈሩ (ኮምፒውተሩ ድምፁን በአንዴ ከማስተናገዱ በፊት የሚያጠራቅመው መጠን) 1024 ሳምፕል፣ ማለትም 1024 የድምፅ ቅንጣት፣ ላይ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48,000 ሳምፕል) ይሄ ብቻውን 21 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ መግቢያና መውጫው ሲደመር እጥፍ ይሆናል። እንዴት አድርጎ ሰው ምት ይጠብቃል?

ወደ 64 አወረድኩት። መዘግየቱ ጠፋ፣ በምትኩ ድምፁ ይንጣጣ ጀመር። ገና ሳልቀዳ የደረደርኩት ሪቨርብና ኮምፕረሰር (የድምፅ ማሳመሪያዎች) ፕሮሰሰሩን አንቆታል (ይሄ እንኳ የራሴ ጥፋት ነው)። ሲቀዱ በፈሩን ዝቅ፣ ሲሚክሱ (የተቀዱትን ሲያዋህዱ) ከፍ። አለቀ! ይሄን ለመናገር የ40 ደቂቃ ቪዲዮ ምን ያደርጋል?

ማሳመሪያዎቹን ሁሉ አጥፍቼ እንደገና ዘፈንኩ። እንደዚያ አምሮልኝ አያውቅም። ጨርሼ ሳየው ትራኩ ባዶ ነው። ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ የተጫንኩት የጊታሩ ትራክ ላይ ነበር።