«ደምዎ ንጹሕ ነው» የተባሉት አክስቴ

አክስቴ ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ደማቸውን ተመረመሩ። «ራሴን ይወቅረኛል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ወገቤ ተቆረጠ» ይላሉ። ስኳር የለም፣ ታይፎይድ የለም፣ ኩላሊትም ደህና ነው። ሐኪሙ ወረቀቶቹን አገላብጦ «እማማ፣ ደምዎ ንጹሕ ነው፤ ዕድሜ ነው» ብሎ ሸኛቸው።

ከፋሲካ ወዲህ ግን ረከቦታቸው ግድግዳ እንደተደገፈ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅተው እስኪነጋ ይቀመጣሉ። ምግብ ሲቀርብላቸው፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ እንኳ፣ ማክሰኞ ቀን «ዛሬ ጾም ነኝ» ይላሉ። ይህን የጠየቃቸው የለም።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ስነግረው «አሁን እኮ የአረጋውያንን ድባቴ (ዲፕሬሽን) በደም የሚለይ ምርመራ እየመጣ ነው» አለኝ። ተስፋው ይገባኛል። ነገር ግን እሱን እየጠበቅን ከተቀመጥን እንደ አክስቴ ያሉ እናቶችን እናጣለን ብዬ እፈራለሁ።

ተስፋው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የአእምሮ ሐኪሙ ዶክተር በርናርድ ካሮልና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ አንድ ምርመራ አቀረቡ። ታካሚው ማታ ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት ይወስዳል፤ በማግስቱ በደሙ ውስጥ ያለው ኮርቲሶል የተባለ የጭንቀት ሆርሞን ይለካል። በጤነኛ ሰው ይወርዳል፤ ከባድ ድባቴ ባለባቸው ብዙዎች ግን አይወርድም። የአእምሮ ሐኪሞች በጣም ተደስተው ነበር። ቆይቶ ግን የመርሳት ሕመም ያለበትም፣ ክብደቱ የቀነሰም፣ መጠጥ የሚያበዛም ተመሳሳይ ውጤት ሊያሳይ እንደሚችል ታወቀ። ድባቴ ኖሮባቸው ውጤታቸው ደህና የሆነም ብዙ ነበሩ።

ዛሬ የሚጠኑት ሲአርፒ እና ኢንተርሉኪን-6 የሚባሉት የሰውነት መቆጣት ምልክቶች፣ እንዲሁም የአንጎል ሴሎችን የሚደግፈው ቢዲኤንኤፍ የተሰኘው ፕሮቲን ናቸው። ድባቴ ያለባቸው ሰዎች በአማካይ ሲታዩ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከፍ፣ ቢዲኤንኤፍ ደግሞ ዝቅ ይላል። ይህን አልክድም። ግን አማካይ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰው ነው፤ ሐኪሙ ፊት የተቀመጡት አንዲት እናት ናቸው። ኢንተርሉኪን-6 ዕድሜ ሲገፋ በራሱም ይጨምራል። የጉልበት ሕመም፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም፣ የድድ ቁስል ሳይቀር እነዚህን ቁጥሮች ሊያንሩ ይችላሉ። የአክስቴ ሲአርፒ ከፍ ቢል ጉልበታቸው ይሁን ሐዘናቸው በምን ይለያል?

ተስፋ የማደርገው በሌላ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ መድኃኒት ያልበገረው ድባቴ ላለባቸው 60 ሰዎች ኢንፍሊክሲማብ የተባለ የሰውነት መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ወይም መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ ተሰጣቸው። በጥቅሉ ልዩነት አልታየም፤ ሲአርፒያቸው ከፍ ያለው ላይ ግን የተሻለ አዝማሚያ ታየ። ደም አንድ ቀን የትኛው መድኃኒት ለማን እንደሚስማማ ይጠቁመን ይሆናል። ሕመሙ አለ ወይስ የለም የሚለውን ግን ዛሬ አይነግረንም።

ዛሬም መታዘዝ ያለበት የደም ምርመራ አለ። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የደም ማነስ ድባቴን ይመስላሉ፤ ሁሉም ይታከማሉ። ከአክስቴ ሦስት ወረቀቶች በአንዱም ላይ ታይሮይድ የሚል አላገኘሁም።

ከዚያ ቀጥሎ መጠየቅ ነው። ለአረጋውያን ተብሎ የተዘጋጀ 15 ጥያቄ ያለው የድባቴ መለኪያ አለ፤ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። ፒኤችኪው-9 የሚባለውም ዘጠኝ ጥያቄ ብቻ ሲሆን በአማርኛ ተዘጋጅቶ አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትኗል። የእኛ አረጋውያን ግን «ደህና ነዎት?» ሲባሉ «ተመስገን» ነው መልሳቸው። ስለዚህ ከቤታቸው፣ ከቡናቸው፣ ከእንቅልፋቸው ተነስቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በመስከረም ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ታይሮይድና ቢ12 አዘዘችላቸው፤ ከዚያ «እማማ፣ ቡና መቼ ነው መጨረሻ ያፈሉት?» አለቻቸው። አክስቴ ነጠላቸውን እያጠፉ እየዘረጉ ቆዩና «ለማን ላፍላው?» አሉ። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች።