ውሃ ድምፅ አይሰጥም

ደሴ ውስጥ ጎረቤት ሁለት ዓይነት ነው፤ የላይና የታች። ጦሳ ተራራ ሥር የተንጠለጠለ ከተማ ሌላ ምን ይሆናል? ሐምሌ ሲገባ የላይ ጎረቤትህ ግቢ ያለው ሁሉ፣ ጭቃውም የልጆቹ ነጠላ ጫማም፣ ያንተ ነው። አንተም በተራህ ለታችኛው ታሳልፋለህ። እንዲህ እየተቀባበልን ቦርከና ወንዝ እናደርሰዋለን፤ ቦርከና ለኮምቦልቻ ያስረክባል። ኮምቦልቻዎች ስለዚህ ጉዳይ የሚሉትን እዚህ አልጽፈውም።

የላይ ጎረቤቴ ሲቪል ኢንጂነር ነው። ስሙን የሚያውቅ መኖሩን እንጃ፤ ሁሉም «ኢንጂነር» ነው የሚለው። ድሮ በቁጥር ነበር የሚያወራው። ግድግዳህ ተሰነጠቀ? ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ይከትና «አፈሩ መረሬ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሸሻል» ይልሃል። አርማታ ካፈሰስክ በየቀኑ ውሃ ታጠጣለህ፤ 28 ቀን ሳይሞላው ከጫንክበት ያኮርፍሃል። ለቦይ አንድ ሕግ ነበረው፦ በ100 ሜትር ቢያንስ 1 ሜትር ቁልቁል። «ከዚህ እስከ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁለት በነፃ ተሰጥቶን ጎርፍ ይዘን እንቀመጥ?» ይል ነበር።

ይሄን ሰምተን ለቀበሌ ምክር ቤት መረጥነው። «ቦይ የሚያውቅ ሰው ይግባ» ብለን። እኔም ድምፄን ሰጥቼዋለሁ፤ አልክድም።

የመጀመሪያው ስብሰባ አጀንዳ የሠፈራችን ቦይ ነበር። ኢንጂነር ሁለት ቀን ለክቶ ንድፍ ይዞ መጣ። መስመሩ በሀጂ አጥር ጥግ ይወርዳል። ሀጂ ተነሱ። «ወላሂ ልጄ፣ ትምህርትህን እንወዳለን። በኔ በኩል ግን አይሆንም።» በቄሱ ጓሮ ይሁን ተባለ። ቄሱ በመድኃኔዓለም አሉ። ሀጂና ቄሱ ከልጅነት ጀምሮ ቡና አይለያዩም፤ ቦይ በመቃወምም አልተለያዩም። ሦስት ሰዓት ውይይት ተደረገ። በመጨረሻ የማንንም አጥር የማይነካ መስመር ተገኘ። ችግሩ ዳገት መሆኑ ብቻ ነው። በአብላጫ ድምፅ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ።

ተአቅቦው የኢንጂነር ነበር።

ስንወጣ «አንተ ሰው፣ ለምን አልተቃወምክም?» አልኩት። «የመረጡኝ እነሱ ናቸው» አለ። «ውሃ ድምፅ አይሰጥም።» ትንሽ ሄድ ብሎ ደግሞ «ጣሊያን የሀረጎን መንገድ ሲሠራ ስብሰባ አልጠራም» ብሎ አጉተመተመ። ወዲያው ተመራጭ መሆኑ ትዝ አለውና ዞር ዞር ብሎ አየ።

ቦዩ መጋቢት ላይ ተመረቀ። ሪባን ተቆረጠ፣ ዱዓ ተደረገ። ጠብታ ውሃ ስላልነበረ በጣም ያምር ነበር።

ሐምሌ ላይ ውሃው መጣ። ዳገቱ ሥር ደርሶ ቆመ። ትንሽ ያሰበ ይመስላል። ከዚያ ተመልሶ እኔ ቤት ገባ።

ኢንጂነር ጋ ሄድኩ። ቁጥር የሚባል ነገር ካፉ ጠፍቷል። «አቅጣጫ ተቀምጧል» አለኝ። «ቦዩ ስንት ሜትር ነው?» ስለው «በቂ» አለ። «አብሽር፣ በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል።» በግምገማው ላይማ ችግሩ የታች ነዋሪዎች ግንዛቤ ማነስ ነው ተባለ። የታች ነዋሪው እኔ ነኝ። አያ ጅቦ ከላይ ሆኖ እየጠጣ የታችዋን አህያ «አደፈረስሽብኝ» ያላት ለካ ግምገማ ላይ ኖሯል።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ሌሊት በሬ ተንኳኳ። ኢንጂነር ነው። ጋቢው ላይ ላስቲክ ደርቧል፤ በአንድ እጁ አካፋ፣ በሌላው ውሃ የሞላች ቱቦ ለውሃ ልክ ይዟል። «ተነስ፣ ያዝልኝ» አለ። በሀጂ አጥር ጥግ መቆፈር ጀመርን። ብዙም ሳንቆይ ባትሪ በራብን። ሀጂ ናቸው።

«እኔ ምንም አላየሁም» አሉ፤ ባትሪውን ግን አላጠፉም። «ትንሽ ወደ ግራ አድርጉት። ጎመኔን እንዳትነኩብኝ።»

ኢንጂነር ተንበርክኮ ቱቦዋን አየ።

«ስንት ወረደ?» አልኩት።

«በ10 ሜትር 40 ሳንቲም» አለ።

ከመጋቢት ወዲህ ቁጥር ሲጠራ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።