ስግደቱን ይጨምሩልኝ፣ ጎረቤቴን ይተዉልኝ

በእኛ ቤት ኃጢአት መናዘዝ የእናቴ የሥራ ድርሻ ነበር። የነፍስ አባታችን መምሬ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲልና በፍልሰታ ሰሞን፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው ጭራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እናቴ መስቀል ትሳለምና ወደ ጓዳ ይዛቸው ትገባለች፤ ከዚያም የቤተሰቡን በደል፣ የራሷን በሁለት ደቂቃ፣ የእኛን የአምስታችንን በአንድ ሰዓት፣ ምንም ሳታስቀር ታስረዳቸዋለች። አባቴ በዚህ ጊዜ ሳሎን ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። መምሬ ከጓዳ ሲወጡ እርሱን የሚያዩበት ዐይን ሲገቡ ካዩበት ዐይን እንደሚለይ ግን ልጆቹ ሁላችን እናውቅ ነበር። እኔም በአሥር ዓመቴ ከአጎቴ ኪስ ሃምሳ ሳንቲም በወሰድሁ በሳምንቱ መምሬ ግንባሬን በመስቀል ዳብሰው «የሰው ገንዘብ አይበጅም ልጄ» ቢሉኝ፣ ምሥጢሩ በቀጥታ ከሰማይ የተገለጠላቸው መስሎኝ ለብዙ ጊዜ ከረሜላ በገዛሁ ቁጥር ወደ ላይ አንጋጥጥ ነበር። ምንጩ ሰማይ ሳይሆን ጓዳ መሆኑ የገባኝ ጢም ካበቀልሁ በኋላ ነው።

ቀኖናውንም የምትፈጽመው እርሷው ነበረች። አባቴ መሥሪያ ቤት ውስጥ በሰው ላይ ለጮኸው ጩኸት እናቴ ሌሊት ተነሥታ ትሰግዳለች፤ ጠዋት ጉልበቷን እያሸች ቁርስ ስታቀርብለትም «ምነው ዛሬ እግርሽን?» ይላታል፤ እርሷም «ብርዱ ነው» ትለዋለች።

እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ሰው ዕቃውን ሌላ ሰው ሲሸከምለት የኖረ መንገደኛ ማለት ነው፤ የራሱን ኃጢአት በራሱ ትከሻ አድርጎ መምሬ ፊት መቅረብ አያውቅበትም። ስለዚህ እኔም እንደ ብዙው የከተማ ሰው የነፍስ አባትን ማስታወስ የጀመርሁት ወረቀት እንደሚያጽፉበት ቢሮ ነው። ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ለማስነሣት ይፈለጋሉ፤ ሰርግ ሲታሰብ ይፈለጋሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚፈለጉት ባለጉዳዩ ራሱ መጥራት በማይችልበት ቀን ነው። በአንድ ለቅሶ ቤት ያየሁትን አልረሳውም። ለፍትሐቱ «የነፍስ አባቱ ማን ናቸው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ የሟቹ ልጆች ሁለቱን ስልኮቹን ከፍተው ቢያስሱ የመካኒኩ ቁጥር ተገኘ፣ የፀጉር አስተካካዩ ተገኘ፣ የቁርጥ ቤቱ ባለቤትማ «ወንድሜ» በሚል ስም ተመዝግቦ ተገኘ፤ የነፍስ አባቱ ግን ከሁለቱም ጠፉ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ከድንኳኑ ጥግ «እናቱ ይናዘዙባቸው የነበሩትን ጥሩ» ብለው ነገሩን አቃለሉት።

ሰው መናዘዝ ተወ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም እንደ ዛሬ የተናዘዝንበት ዘመን ያለ አይመስለኝም። ፀጉር ቤት ወንበር ላይ እንናዘዛለን፤ ታክሲ ውስጥ ለማናውቀው ተሳፋሪ የትዳራችንን ጣጣ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ እንዘረግፋለን፤ ሌሊት በፌስቡክ የጻፍነውን ጠዋት እናጠፋለን። ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ከነፍስ አባቷ ጋር የምትገናኘው በኢሞ ሲሆን፣ እርሳቸው ንስሐ በአካል እንደሆነና በስልክ የሚሰጡት ምክር ብቻ መሆኑን ደጋግመው ቢነግሯትም እርሷ ከመናገር አትመለስም፤ ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ኃጢአቷ ግማሽ ግማሹ ይደርሳቸዋል፤ እርሳቸውም ያልሰሙትን ግማሽ «እግዜር ያውቀዋል» እያሉ ያልፉታል።

እኔም ባለፈው ዓመት እንቅልፍ አጥቼ፣ የደም ግፊቴን የለካው ሐኪም «ጨውም ንዴትም ቀንስ» ቢለኝ፣ ጨዉን ለባለቤቴ ትቼ ለንዴቱ መድኃኒት ፍለጋ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ በሚሰጥ የአነቃቂ ንግግር ሥልጠና ላይ ተገኘሁ። (የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን አላማሁም፤ በእውነት የታመመ ሰው በእነርሱ እጅ ሲድን አይቻለሁ። ይህኛው ግን ከእነርሱ ወገን ሳይሆን ማይክሮፎን ይዞ ከሚመላለሰው ወገን ነው።) አሠልጣኙ መድረኩን ከዳር እስከ ዳር እየለካ «ቶክሲክ ሰዎችን ከሕይወታችሁ አስወጡ! ለሰላማችሁ ስትሉ ቁረጡ!» ሲለን አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ዐይናችንን ጨፍነን መርዘኛችንን በሐሳባችን እንድናይ ሲያዝዘን፣ እኔ ገና ሳልጨፍን ጎረቤቴ ከነቱቦው መጥቶ ፊቴ ተገተረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው። ፊት ለፊቴ ያለው ጎረቤቴ ፓምፕ አስገብቷል፤ ፓምፑ ገና ማጓራት ሲጀምር የእኔ ቧንቧ እንደ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ይስልና ዝም ይላል። አንድ ሌሊት በፒጃማ ወጥቼ ተናገርሁት፤ እርሱም በፒጃማ መለሰልኝ፤ ከዚያች ሌሊት ወዲህ ስምንት ወር ሰላምታ የለንም። አለመነጋገር ቀላል የሚመስለው ካለ በአንድ ኮሪደር ኖሮ አያውቅም። ከመውጣቴ በፊት ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ የእርሱ በር አለመከፈቱን አረጋግጣለሁ፤ እርሱም እንዲሁ ያደርጋል መሰለኝ፣ ሁለታችንም ጸጥታውን ስናዳምጥ ቆይተን እኩል እንወጣለን። ያን ጊዜ ያለው መላ ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ኪስ መፈተሽ ነው። ቁልፌን በግራ እጄ ጨብጬ በቀኝ እጄ አራት ኪስ የፈተሽሁበት ቀን አለ፤ እርሱም በዚያው ቅጽበት የራሱን ሦስት ኪስ ይፈትሽ ነበር።

ይህንን ሰው ነው እንግዲህ ቁረጠው የተባልሁት። እንዴት አድርጌ? ደረጃችን አንድ፣ ቧንቧችን አንድ፣ የቆሻሻ ሰብሳቢዋ ደረሰኝ እንኳን ተያይዞ ይመጣል። እርሱም እኔም ቤቱን ያገኘነው በዕጣ ነው፤ መንግሥት በዕጣ ያጣመረውን ሰው ሊለየው አይቻለውም።

ባለቤቴ «መምሬ ዘንድ ሂድ» ያለችኝ በዐቢይ ጾም መግቢያ ነበር። እናቴ ቤት ሲመጡ የነበሩት መምሬ ዛሬም አሉ፤ እንዲያውም ወደ ኮንዶሚኒየሙ የገባን ጊዜ ቤቱን ጠበል ሊረጩልን መጥተው፣ ቴሌቪዥኑን ረጩ፣ በአረንጓዴ መብራት የሚጠቅሰውን የኢንተርኔት ሣጥን ትንሽ ተጠራጥረው ሁለት ጊዜ ረጩ፣ ከዚያም ኮሪደር ወጥተው በሩ ክፍት የነበረውን ሰው ሁሉ ረጭተው ሄዱ። ደግ ሰው ናቸው፤ እኔ የምፈራው ቀኖናቸውን ነው። ስለዚህ 55ቱን ቀን በሙሉ «ሥራ በዛብኝ» እያልሁ ቆየሁ። በስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሲሰግድ ውሎ ማታ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባ ጀርባውን እየጠበጠቡ ስግደት ሲያዝዙለት፣ እኔም ተራዬን ጠብቄ ከማላውቃቸው አንድ ቄስ የታዘዝሁትን ሰግጄ ገባሁ። ይህ ለእኔ ቀላል ነው። እኛ ጉልበታችን ከአንደበታችን ይልቅ ትሑት የሆነ ሕዝብ ነን፤ መሬት ስመን የምንነሣውን ያህል «አጥፍቻለሁ» ብለን ብንነሣ ኖሮ ፍርድ ቤቶች ግማሹን ችሎት ይዘጉ ነበር።

ወደ መምሬ የሄድሁት ዳግም ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ነው፤ ቀኑንም የመረጥሁት አስልቼ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም፤ ስግደትም የለም። ጾምም ስግደትም በሌለበት ወቅት የሄደን ሰው ምን ቀኖና ይሰጡታል? እንዲህ ብዬ እየተደሰትሁ ሄድሁ።

መምሬ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ከጥድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዐይናቸውን ጨፍነው ስለሚሰሙ ሰው የተኙ ይመስለዋል። ኃጢአቴን በዝርዝር አቀረብሁ፦ ሐሜት፣ ስንፍና፣ ቅዳሴ ላይ ማርፈድ፣ አንድ ዓርብ በስሕተት የተበላ እንቁላል፤ መካከል ላይ ደግሞ፣ በጤፍ ጆንያ ውስጥ እንደሚደበቅ የኮንትሮባንድ ዕቃ፣ «ትንሽ ቅያሜ» የሚለውን ሸጎጥሁና ቶሎ ብዬ ወደ ቁጣና ትዕቢት አለፍሁ።

«እስቲ ያቺን ትንሿን ቅያሜ ድገማት» አሉኝ፤ ዐይናቸው እንደተጨፈነ ነው።

ደገምሁላቸው። «ስንት ጊዜዋ ነው?» አሉኝ። ስምንት ወር መሆኑን ብነግራቸው «የስምንት ወር ልጅ ትድሃለች እኮ ልጄ፤ ትንሽ አትባልም» አሉና ዐይናቸውን ገለጡ። «እንግዲህ ጊዜው ሃምሳው ነው፤ ጾም አላዝዝህም፣ ስግደት አላዝዝህም። ዕርቅ ግን በሃምሳውም ይፈቀዳል። ሂድና ታረቀው።»

አምላኬ! ያሰላሁት ስሌት ሁሉ ዞሮ እኔኑ ያዘኝ። «መምሬ» አልኋቸው፤ «ስግደት ይዘዙኝ፤ ከጰራቅሊጦስ ማግሥት እጀምራለሁ። መቶ ያድርጉት።»

«ጎረቤትህን ታረቀው።»

«ሁለት መቶ። እንዲያውም ሦስት መቶ ያድርጉትና ጎረቤቴን ይተዉልኝ። በዚያ ላይ የሰኔውን ጾም፣ ሰው የቄስ ጾም እያለ ለእናንተ የተወውን፣ ከነሙሉው እጾማለሁ።»

«ጾመ ሐዋርያት ከሰባቱ የዐዋጅ አጽዋማት አንዱ ነው፤ ድሮም ግዴታህ ነበር። ዕዳህን ጉቦ ታደርገዋለህ?»

አሠልጣኜ ትዝ አለኝ። «ሰውዬው ቶክሲክ ነው፣ መምሬ።» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። መርዛም ማለት ነው አልኋቸው። «እንዲያ ከሆነማ ጠበል ይዘህለት ግባ» አሉኝ።

የበደለኝ እርሱ ስለሆነ መጀመሪያ መምጣት ያለበት እርሱ መሆኑን በሰፊው አስረዳሁ፤ የቱቦውን ስፋትና የፓምፑን ጉልበት ሳይቀር አስረዳሁ። መምሬ በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ፣ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድና አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ሲል በዳዩ ማን እንደሆነ እንዳልጠየቀ፣ ያለውም «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። «የሚሄደው መባውን የያዘው ሰው ነው። እዚህ የመጣኸው አንተ ስለሆንህ ያዡ አንተ ነህ» አሉኝ። ከዚህ በፊት ያን ቃል ሃምሳ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም ለጎረቤቴ የተጻፈ ነበር የሚመስለኝ።

ሽማግሌ ልልክ አሰብሁ። «ለአንድ ቧንቧ ውኃ ሽማግሌ ታስቸግራለህ?» አሉ። በመጨረሻም፣ እንዴት ከአፌ እንደወጣ ሳላውቀው፣ «እናቴ ብትሄድልኝስ?» አልሁ።

መምሬ ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እናትህ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰግድልህ ጉልበቷን ጨርሳለች፤ ያንተን ደረጃ አትወጣውም» አሉና መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ።

ከእኔ በር እስከ እርሱ በር አራት እርምጃ ነው፤ አራቱን እርምጃ ለመራመድ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በመጀመሪያው ቀን ደከመኝ፤ በሁለተኛው ቀን እንግዳ መጣብን፤ በሦስተኛው ሌሊት ባለቤቴ በሩን ከውስጥ ከፍታ ገፋ አድርጋ አወጣችኝና ቆለፈችው። ቆሜ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ጣቴን ላንኳኳ ሳነሣ በሩ በራሱ ጊዜ ተከፈተና ጎረቤቴ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ጫማውን አሥሮ፣ ወደ እኔ በር ሊራመድ አንድ እግሩን እንዳነሣ ፊት ለፊት ተፋጠጥን። ሁለታችንም በልማድ ኪሳችንን መፈተሽ ጀመርን።

«አንተንም መምሬ ናቸው?» አለኝ።

«ሦስት መቶ ስግደት ብላቸው እምቢ አሉኝ» አልሁት።

«እኔ እስከ አምስት መቶ አድርሻቸው ነበር እኮ!» አለና ራሱን ነቀነቀ። ሁለት መቶ ስግደት ያህል የበለጠ እንደጠላኝ ብሰማም፣ አላውቅም ለምን እንደሆነ፣ ቅር አላለኝም። ይቅር ለእግዜር ተባብለን ተሳሳምን፤ ሚስቱም ከውስጥ «ግቡ እንጂ፣ ኮሪደር ላይ ምን ያቆማችኋል» አለች።

ገና ከመቀመጤ ከወጥ ቤቱ የቧንቧው ሳል ተሰማ። ውኃ መጣ። ጎረቤቴ ዘልሎ ተነሥቶ እጁን የፓምፑ ማብሪያ ላይ ካሳረፈ በኋላ ዞሮ አየኝ፤ እጁንም ቀስ ብሎ አነሣ።

«አንተ ቅዳ» አለኝ።

«የለም፣ በእግዜር፣ አንተ ቅዳ» አልሁት።

«አይሆንም፣ እኔ ስምንት ወር ቀድቻለሁ፤ ዛሬ ያንተ ነው።»

«ኧረ በመምሬ ሞት! ቤተሰብህ ይበዛል፣ አንተ ጀምር።»

እንዲህ ስንገባበዝ ውኃው ሄደ።