ውሃው አባት ነበረው

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምወቅሳችሁ ስለ አንድ ሳቅ ነው። ባለፈው የካቲት፣ እሁድ ቀን፣ ዋርካ ስር የሳቅነው ሳቅ። «ሳቅነው» ማለቴ በስህተት አይደለም። እኔም እዚያው ነበርኩ።

እናቴ አገር አንዲት ቦይ አለች። አያቶቻችን በዶማ የቆፈሯት፣ ሲሚንቶ ያልነካት። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ጠለፋዋን፣ ማለት ውሃውን ከወንዙ ወደ ቦይዋ የሚመልሰውን ግድብ፣ ይንደዋል። ጥቅምት ላይ ሰው ተጠራርቶ ይወጣና በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በሣር መልሶ ይሠራዋል። ደለሉም ይጠረጋል። ከዚያ ውሃው ወደ ማሳው ይወርዳል፤ የሚያከፋፍለው ደግሞ የውሃ አባት ነው።

ከተማ ላደጋችሁ ልንገራችሁ። የውሃ አባት ከወረዳ የተላከ ሹም አይደለም። ገበሬው ራሱ የመረጠው ሰው ነው። ተራ ያወጣል፣ ከጠረጋ የቀረውን ይቀጣል፣ ሁለት ሰው በውሃ ከተጣላ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ተነስቶ ይሄዳል። የኛ የውሃ አባት ይህን ሲሠሩ ሸበቱ። ደሞዝ የላቸውም። ያላቸው አንድ ዱላና የሰው እፍረት ነበር።

ቦይዋ መጨረሻ ላይ አንዲት እናት አሉ። ባላቸው ሞቷል፤ ማሳቸው ጥማድ አይሞላም። ዘንድሮ ሽንኩርት ተከሉ። ሽንኩርት ሥሩ አጭር ነው፤ ከጥልቅ መሬት ውሃ ስቦ አይጠጣም። በተለይ ኮረቱን በሚይዝበት ሰሞን ከተጠማ አለቀለት። ተራቸው ማክሰኞ ሌሊት ነበር። ጋቢ ደርበው፣ አካፋ ይዘው፣ ዶሮ እስኪጮህ ጠበቁ። ውሃው አልመጣም። በቀጣዩ ተራም አልመጣም። በሦስተኛው የሽንኩርቱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተኝቶ ነበር።

ሄደው ለውሃ አባት ነገሩ። ሽማግሌው ባትሪ ያዙና በዚያው ሌሊት ቦይዋን ይዘው ሽቅብ ወጡ። በመንገዳቸው ከቦይዋ ውስጥ የተዘፈዘፉ ቱቦዎች አገኙ። የውሃ ሞተር ነው፤ በባህር ዛፍ ቅጠል ተሸፍኗል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቆጠሩ። ሰባት ሆነ።

እሁድ ሰው ጠሩ። ያዩትን ተናገሩ፤ የማንንም ስም ግን አላነሱም። «ባለቤቱ ራሱን ያውቃል። እስከ ማክሰኞ ያንሳው» አሉ። ሰው እንዳይዋረድ ብለው እኮ ነው!

ይሄኔ ከኋላ አንድ ወጣት ተነሳ። በዕድሜ ልጃቸው ሊሆን ይችላል፤ የልጅ ልጃቸውም ሊሆን ይችላል። «አንተ» አላቸው። አንቱ ሳይሆን አንተ። «አንተ ሰውዬ፣ የውሃ አባት ስላሉህ ነው? ውሃ አባት የለውም! ነዳጅ የገዛ ይጠጣል።»

ሳቅን።

ሽማግሌው ሳቃችን እስኪያልቅ ጠበቁ። ዱላቸውን አነሱ። «እንግዲህ ልጆቼ፣ አባት የሌለውን ውሃ እናንተው አሳድጉት» ብለው ቁልቁል ወደ ቤታቸው ሄዱ። አንድ ሰው ብድግ አላለም። ቄሱ አልተነሱም። የኮሚቴው ሊቀመንበር መሬት መሬት ያያል። ያቺ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ።

ይህን ይቅር ማለት አቃተኝ። ውሃ መስረቅማ የቆየ ነው፤ ያኔም ሌባ ነበር። ግን ሌባው በጨለማ ይሰርቅ ነበር እንጂ በጠራራ ፀሐይ ተነስቶ ዳኛውን አይሰድብም። ብሰድብ ሰው ምን ይለኛል ይላላ! እኛ ምን አልነው? ሃሃሃ አልነው።

ተራ ለምን እንደወጣ እንኳ ረስተነዋል። የአፈር ቦይ ውሃ ይጠጣል። ትንሽ ውሃ ከለቀቅክባት መንገድ ላይ ሰርጎ ያልቃል፤ ታች አይደርስም። ስለዚህ አያቶቻችን ውሃውን ለሁሉም በጥቂት በጥቂቱ አልሸነሸኑትም። ሙሉውን በተራ ለአንድ ሰው ሰጡት። ሙሉ ውሃ ይሮጣል፤ ጫፍ ይደርሳል። ሰባት ቱቦ ራስጌ ላይ ሲጠባ የሚተርፈው ቀጭን ውሃ ነው፤ እሱንም መሬቱ ይውጠዋል። ያቺን እናት አንድ ሌባ አልዘረፋቸውም። ሰባት ሰው «እኔ የምወስደው ትንሽ ነው» እያለ ነው የጨረሳቸው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 አለ። የፈረንጅ ምስክር ለሚወድም አለ። ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ስትሸለም የዕድሜ ልክ ሥራዋ ይኸው ነበር። የጋራ ሀብት ሳይጠፋ የሚቆየው ተጠቃሚው ራሱ ደንብ ሲያወጣ፣ ጠባቂው ለተጠቃሚው ሲታዘዝ፣ ቅጣቱ ከትንሽ ጀምሮ ሲያድግ ነው ብላለች። በኔፓል ገበሬው ራሱ የሚያስተዳድራቸው ተራ ቦዮች መንግሥት በዘመናዊ መንገድ ከገነባቸው ብዙዎች በልጠው ተገኝተዋል። የኛ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ሳያነቡ ሲሠሩት ኖሩ። ሐሮማያ ሐይቅ በአንድ ወቅት ደርቆ ከብት ሲሄድበትም አይተናል፤ ሞተር ብቻውን ባያደርቀውም እጁ አለበት። በዚህ ሁሉ አልተማርንም። ይብቃኝ፤ ዋናው ነገሬ ሌላ ነው።

እስካሁን የሸሸሁትን ልናገር። ከሰባቱ ሞተሮች አንዱ የታናሽ ወንድሜ ነው። የገዛሁለት እኔ ነኝ።

ዓመት ሙሉ አጠራቅሜ ገዛሁና በጭነት መኪና ላክሁለት። ሰርፕራይዝ ላደርገው ነው። ፎቶውን ለጓደኞቼ አሳየሁ፤ ወንድሜን ሰው አደረግሁት እያልኩ ጉራዬን ነፋሁ። ስንት ፈረስ ጉልበት እንዳለው ጠይቄያለሁ። ምን ያህል ነዳጅ እንደሚበላ ጠይቄያለሁ። የማንን ተራ እንደሚጠጣ ግን አልጠየቅሁም።

እሁድ ዕለት ለምን ሳቅሁ? ቀልዱ አስቆኝ አይደለም። ሽማግሌው «ሰባት» ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ላብ አሰመጠኝ። ልጁ ሲሳደብ ሁሉም ወደሱ ዞረ፤ ተገላገልኩ። የኔ ሳቅ የተረፈ ሰው ሳቅ ነበር። ወጣቱን አሁን ስድ ብዬ ብሰድበው ይቀለኛል። እሱ ግን አንድ ቃል ነው የተናገረው። እኔ ሞተሩን ከነቱቦው ነው ያቀረብኩት።

የወንድሜ ሽንኩርት ደግሞ አማረ። ልዋሽ አልችልም፤ ጥሩ ሸጠ። የእኚያ እናት ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት አክሎ ወጣ። ሲለቅሙ አጠገባቸው ሆኜ አይቻለሁ። «ይሁን፣ ለቤት ይሆናል» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጆቻችሁን ከተማ የላካችሁ፣ ከተማ ሆናችሁም ለዘመድ ገንዘብ የምትልኩ ወገኖቼ፣ የላካችሁት ነገር ሄዶ ምን እንደሚሠራ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እናንተስ ራስጌ ያላችሁ፣ ጥቅምት ሲመጣ ጠለፋውን ማን ሊሠራላችሁ ነው? ድንጋይ የሚሸከመው አብዛኛው ሰው ከግርጌ የሚመጣ ነው። ውሃ ካላየ ለምን ይመጣል? እሱ ካልመጣ ቦይዋ ባዶ ናት፤ ሞተራችሁ አየር ይጠጣል።

ሞተር ይሰበር አላልኩም። ሞተሩም ተራ ይግባ ነው የምለው። ለወንድሜ ይህንኑ ነገርኩት። «እኔ ባነሳ ስድስቱ ይጠጡታል» አለኝ። እውነቱን ነው። ሌሎቹም እያንዳንዳቸው ይህንኑ ይላሉ። ስንጨቃጨቅ ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌም አለፈ። በመጨረሻ «እሺ፣ አንተ ሽማግሌውን ካመጣህ እኔ አነሳለሁ» አለ። ከልቡ ይሁን ሊገላገለኝ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩላቸው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይሰማኛል። ይቅርታ ልል ብዬ አፌ ተሳሰረ። ሞተሩ የኔ መሆኑን ነገርኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ። ከጥቅምት በፊት ቢመለሱልን፣ እኔና ወንድሜ ቀድመን ዶማ ይዘን እንደምንወጣ ነገርኳቸው።

«ስንት ናችሁ?» አሉኝ።

«ለጊዜው ሁለት።»

«ሁለት!» አሉና ሳቁ። ረዥም ሳቅ ሳቁ። ስልኩን ግን አልዘጉትም።